ማክሰኞ ያልመጣው ቅሬ

ማክሰኞ ጠዋት ረቢያ አራጋው ለአርባ ሰው የሚበቃ ንፍሮ ቀቅላ፣ ሁለት እንስራ ቃሪቦ አዘጋጅታ በራፏ ላይ ቆመች። ምግቡን የመረጠችው አስባበት ነው። ሥጋ ብታቀርብ ክርስቲያኑ ከእሷ እርድ አይበላም፤ ጠላ ብትጠምቅ ሙስሊሙ አይጠጣም። ስንዴና ባቄላ ግን ሁሉም ይበላል፤ ቃሪቦም የማያሰክር የገብስ መጠጥ ስለሆነ ማንም አይሸሸውም። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ወጣች። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ሰዓት ሆነ። ድጅኖ የያዘ ሰው በመንገዱ አልመጣም።

ከቤቷ ጀርባ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር አለ። አምና ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ይርቅ ነበር። አሁን ሰባት ነው። ረቢያ በየሳምንቱ ትለካዋለች፤ መሬቱ በበጋ እንደማይናድ ብታውቅም መለካቱን አልተወችም። ግንቦት ሊያልቅ ነው። የሰኔ ጎርፍ ሲመጣ ቤቱን ይዞት እንደሚሄድ ለማወቅ የተለየ ዕውቀት አያስፈልግም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ እናቷ መስኡዳ ተኝታለች። ከወደቀች ወዲህ ዳሌዋን ስለሚያማት ያለ ምርኩዝ አትነሣም፤ ሰው ወደ ሌላ ቤት ልውሰድሽ ቢላት ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«ባሌ ከዚህ ቤት ነው የወጣው፤ እኔም ከዚሁ ነው የምወጣው» ትላለች። ከዚህ ሌላ መልስ የላትም።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ቅሬው ወጥቶ ቦረቦሩን በድንጋይ መከተር። የመንደሩ ቅሬ ሬሳ ይቀብራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ የጠፋ በሬም ቢሆን ይፈልጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሾላው ሥር ተሰብስበው የረቢያን ጉዳይ ሰምተው ነበር። ረቢያ ቆማ ተናገረች። ወንዶቹ ክትሩ የት የት ይሁን በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከሩ፤ ድንጋዩ ከላይኛው ተዳፋት እንዲወርድ ተስማሙ። በመጨረሻም የቅሬው ዳኛ አቶ ዝናው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«ማክሰኞ! ድጅኖ ያለው ድጅኖውን፣ አካፋ ያለው አካፋውን፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ» አሉ።

«እሺ!» አለ ሰዉ። ረቢያ በጆሮዋ ሰምታለች። አንድም «እንቢ» ያለ አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች ዶማ በትከሻቸው ይዘው ብቅ አሉ። ረቢያ እፎይ ብላ ወደ እንስራው ስትሄድ አሰገደች በሩን አልፈው ወደ ራሳቸው የሽንኩርት መደብ ታጠፉ።

«እትዬ አሰገደች! ወዴት ነው?»

«ሽንኩርቴን ልኮተኩት ነዋ።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?»

«ማክሰኞ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሰዉ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደ፤ የየቤቱ ነው።» አሰገደች ንፍሮ የሞላውን ጎላ አዩና ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «ድግስ አለሽ እንዴ?»

«የክትሩ ነው እኮ! የቅሬው!»

«ውይ!» አሉ አሰገደች። ዶማውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ውይ ረቢያ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው» አሉና ሄዱ።

ረቢያ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሪያድ በሰው ቤት ሠርታለች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሄዳ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ተመለሰች፤ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ቤት ነገር የሚባለው አንድ ጊዜ ነበር። አሰሪዋ «ሐሙስ ምንጣፉ ይታጠባል» ካለች ሐሙስ ምንጣፉ ይታጠባል፤ ለምን እንደሆነ፣ ማን እንዳለ፣ በማን ፈቃድ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ረቢያ ያንን ቤት አልወደደችውም፤ ግን ገብቷት ነበር። የራሷ መንደር ነው አሁን የማይገባት።

ንፍሮውን ከድና ወደ ዳኛው ቤት ወጣች። አቶ ዝናው ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሞፈር እየጠረቡ ነበር።

«ጋሼ ዝናው፣ እንዴት አደሩ?»

«ኧረ ረቢያ! ነይ ግቢ። እናትሽ እንዴት አደረች?»

«አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ነው።»

«ክትሩስ?»

«ክትሩማ መሠራት አለበት!» አቶ ዝናው መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ዝናቡ መጣ እኮ። እኔ ስለ እሱ ሳስብ ነው ያደርኩት። ኧረ መቆየት የለበትም።»

«እንግዲያ መቼ ነው?»

«እሱማ …» አሉና ሽማግሌው ከአጥራቸው በላይ ወደ ሼህ ኑርሁሴን ጣሪያ ተመለከቱ። «ሼሁ ቢያውቁ ነው እንጂ።»

የሼህ ኑርሁሴን ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው የሚርቀው። ሼሁ ከመስጊድ ተመልሰው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ነበር። ረቢያን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ዝናው ምን አለሽ?» ብለው እሳቸው ቀድመው ጠየቁ።

«አንቱ ያውቃሉ አሉኝ።»

«እኔ?» ሼሁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እሱ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ እኔ እንዴት እቀድመዋለሁ?»

«ምኑን ነው የሚቀድሙት?»

ሼሁ ሣቁ። እየቀለደች መስሏቸው ነው። «አንቺ ደግሞ! አብሽሪ፣ አላህ ያመቻቸዋል። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።»

ረቢያ በሁለቱ ቤቶች አጥር መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ቆመች። በስተቀኟ የመጥረቢያ ድምፅ፣ በስተግራዋ የሼሁ መቁጠሪያ ሙሰበሃ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማታል። ሁለቱም ክትሩ ይሠራ ይላሉ። ሁለቱም ዝናቡ መጣ ይላሉ። የተጣሉ እንዳትል፣ ትናንት ማታ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ጋቢ ለብሰው ከገበያ ሲመለሱ አይታለች። እሷን የጠሉ እንዳትል፣ ነይ ግቢ ያላላት የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጥፋቷን ስትፈልግ ዋለች። ንፍሮውን ለመንደሩ ሕፃናት እያደለች ታስባለች። የብረት በር በማሠራቷ ይሆን? ከስብሰባው ቀደም ብላ ለሁለት ሦስት ሰው በስልክ ደውላ ነበር፤ እሱ ይሆን? ወይስ ለቅሶ? ለቅሶ የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ደነገጠች። የአቶ ዝናው እኅት የሞቱት እሷ ሪያድ ሳለች ነው። ከተመለሰች ወዲህ ስለ እኅታቸው አንድም ቃል አልተነፈሰችም! ዳኛውን ሳያጽናኑ ዳኛውን ሥራ ማዘዝ! ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተገለጠላት መሰላት።

ረቡዕ ማለዳ ጥቁር ሻሽ አሥራ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ የአቶ ዝናውን ደጃፍ ተሻገረች። ከመቀመጧ በፊት፣

«ጋሼ፣ አላህ ያጽናዎት» አለች።

አቶ ዝናው ከመደባቸው ብድግ አሉ። «ማን? ማን ሞተ?»

የሚስታቸው የወይዘሮ ሙሉአለም ጩኸት ከጓዳ ተሰማ። «መስኡዳ! መስኡዳ ሞተች! ወይኔ እኅቴን!» እያሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

«ኧረ እናቴ ደኅና ናት!» አለች ረቢያ። «ለእኅትዎ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ ሙሉአለም ደረታቸውን ሊመቱ ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ።

«እኅቴ እኮ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው» አሉ አቶ ዝናው።

«ያኔ እዚህ አልነበርኩም።»

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለ እኅታቸው ረጅም ነገር አወሩላት፤ ከእሷ ጋር በልጅነታቸው ግሸን ሲወጡ ገደሉ ላይ እንዴት እጇን ይዘው እንዳሳለፏት፣ በሽታው እንዴት እንደጀመራት። ሙሉአለም ስኳሩን ተቀብለው መረቋት። ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ስለ ክትሩ ግን ቃል አልወጣም፤ ረቢያም በለቅሶ ላይ ማንሣቱን አፈረች። ከመጣችበት ይበልጥ ግራ ገብቷት ወጣች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ብዙ አልነበረም። ሲያባራ ግን ከቤቱ ጀርባ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ረቢያ ወጥታ ለካች። ስድስት እርምጃ። ገብታ በእናቷ ራስጌ ቁጭ አለች።

«አፈር ነው?» አለች መስኡዳ።

«አፈር ነው።»

«ቅሬው ምን ሆነ?»

«አላውቅም እማዬ። ወላሂ አላውቅም! ሁሉም እሺ አሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ማንም አልመጣ። ብጠይቃቸው ይሠራ ይላሉ። ዝናው ሼሁ ያውቃሉ ይላሉ፤ ሼሁ ዝናውን እንዴት ልቅደም ይላሉ። እኔ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሉ አይገባኝም።»

መስኡዳ ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች። «ማን መረቀ?»

«ምን?»

«እሑድ ለታ። ነገሩ ሲያልቅ ማን መረቀው?»

ረቢያ አሰበች። ዝናው «ማክሰኞ» ካሉ በኋላ የሆነውን ከዚህ በፊት ልብ ብላ አላስታወሰችውም ነበር። ዝናው ወደ ሼሁ ዞረው «በሉ ይመርቁልን» ብለው ነበር። ሼሁም «ዛሬስ አንቱ ይመርቁ» አሉ። ዝናው ክርስቲያን ናቸው፤ ሲምሉ ግን «ወላሂ አላደርገውም» ነው ያሉት። ሼሁ ደግሞ «በግሸኗ ማርያም ይዤዎታለሁ፣ አንቱ ይመርቁ» ብለው ለመኗቸው። ዝናው እንደገና ወደ ሼሁ፣ ሼሁ እንደገና ወደ ዝናው። ሰዉም መዳፉን ዘርግቶ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያይ ነበር። ረቢያ ያልተለቀመ ሁለት ቁና ስንዴ ቤቷ ይጠብቃታል። የሁለት ሽማግሌዎች መከባበር መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ብድግ አለችና «አላህ ይስጥልኝ፣ ማክሰኞ እንግዲህ» ብላ ቁልቁል ወረደች።

«ማንም አልመረቀም» አለች። «አንቱ አንቱ ሲባባሉ እኔ ሄድኩ። ከኋላዬ ሰዉም ተነሣ መሰለኝ።»

መስኡዳ በምርኩዟ አልጋውን መታች።

«ሳይመረቅ ተነሣችሁ?»

«ቢመረቅ ባይመረቅ ምን ለውጥ አለው? ማክሰኞ ብለዋል እኮ!»

«ሳይመረቅ ማን ድጅኖ ያነሣል ልጄ? ድንጋይ ሰው ላይ ቢወድቅስ? ማን ነው ኋላ የሚጠየቀው? አባትሽ ይህን ቤት ሲያሠራ የያኔው ሼህ ከአርዲቦ እስኪመለሱ ሠላሳ ሰው ግማሽ ቀን እጁን አጣጥፎ ጠብቋል። አንቺ አቋርጠሽ ሄድሽ። ባለ ጉዳዩ ሲነሣ ሰው ምን ይበል? ትታው ነው ይላል። በሪያድ ገንዘቧ ዶዘር ልታስመጣ ነው ይላል።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ምን ብለው? ረግጠሽን ሄድሽ ብለው? ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው።»

ረቢያ ግማሹ ገባት፤ ግማሹ አልገባትም። የገባት ግማሽ ግን ሐሙስ ጠዋት ከቤት ለማስወጣት በቃ። ሁለቱን ሽማግሌዎች በየደጃቸው ይቅርታ ጠየቀች። ሁለቱም «ምን አጠፋሽና!» አሏት፤ ሁለቱም ግን ወዲያው በትራቸውን አነሡ። አሰገደች በመንደሩ ዞረው ሰው ጠሩ። አራት ሰዓት ላይ የቦረቦሩ አፍ በሰው ተሞላ፤ ድጅኖው፣ አካፋው፣ ድንጋይ መሸከሚያው ባሬላ ሁሉ ከየት እንደመጣ አልታወቀም። ከአምባሰል ተራሮች በላይ ደመናው ጠቁሯል።

«በሉ ሼህዬ፣ ይመርቁ» አሉ አቶ ዝናው።

«ኧረ አንቱ እያሉ!» አሉ ሼህ ኑርሁሴን።

«ወላሂ …»

«በግሸኗ …»

ረቢያ ደመናውን አየች። ቤቱን አየች። «ሁለታችሁም!» ብላ ጮኸች። «ሁለታችሁም መርቁ! አንድ ላይ!»

ሰዉ ዘወር ብሎ አያት። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ጀመሩ። ዝናው ዝናቡ የምሕረት እንዲሆን ሲለምኑ ሼሁ ስለ ሠራተኛው ጉልበት ደርሰዋል፤ ሼሁ ስለ መስኡዳ ጤና ሲያነሡ ዝናው ወደ ከብቱ ተሻግረዋል። የትኛው ላይ «አሚን» እንደሚባል ያወቀ አልነበረም። ከቀኝ በኩል «አሚን» ይላል፤ ከግራ በኩል ዘግይቶ «አሜን» ይላል፤ አንዳንዱ በመሐል ዝም ብሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሼሁ ሲጨርሱ ዝናው አልጨረሱም ነበር፤ ዝናው ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለው ሼሁ እንደገና ቀጠሉ፤ ያኔ ዝናው ጨረሱ።

«አለቀ?» አለች ረቢያ ወደ አሰገደች ጠጋ ብላ።

«እኔ እንጃ። ያን ድንጋይ አቀብዪኝ።»

ሐሙስን ዋሉ፤ ዓርብንም ክርስቲያኖቹ ከጠዋት፣ ሙስሊሞቹ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ገቡበት። ላይኛው ክትር ተጠናቀቀ፤ የታችኛው ወገብ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ጎርፉ ከተራራው ጭቃና ቁጥቋጦ ይዞ ሲመጣ ሁሉም ዳገቱ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ክትሩ ቻለው። ውሃው ግን በመሐል የተዘጋበትን በጎን ፈለገ፤ የቀኙን ዳር ቦርቡሮ ወደ ቤቱ ታጠፈ። የማድ ቤቱ ግድግዳ በመጀመሪያ አዘነበለ፤ ከዚያ ጎላውንም እንስራውንም ይዞ ወረደ።

ረቢያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። «አለቀልን» አለች።

«ምኑ ነው ያለቀው?» አሉ አቶ ዝናው፤ ከጋቢያቸው ውሃ እየጨመቁ። «ክትሩ ይዟል እኮ! አላየሽም? በቀኝ በኩል ዳሩን የሚይዝ ክንፍ ነው የጎደለው። ነገ ክንፍ ይሠራለታል።»

«መያዙ ነው ይህ?»

«ነዋ!»

ሼህ ኑርሁሴን ግን ወደ ቤቱ እየተራመዱ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ማንንም «ይቅደሙ» አላሉም። «መስኡዳ ዛሬ እዚህ አታድርም» አሉ። «ባሬላውን አምጡ።»

መስኡዳ ተቃወመች። ስለ ባሏ አነሣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ግድግዳው ርሶ ነበር። አራት ሰዎች ፍራሽ ያነጠፉበትን ባሬላ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጠው ከነብርድ ልብሷ አወጧት። እስከ በሩ ድረስ እየተሳደበች ሄደች። ከበሩ ወዲያ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ግራ በኩል ዝቅ ብሏል» እያለች መንገድ ታሳያቸው ጀመር። አሰገደች ቤት አስገቧት።

ቅዳሜ ረቢያ ስትነሣ ሰዉ ቦረቦሩ ውስጥ ነበር። ማን እንደጠራቸው አልሰማችም፤ ተመርቆ እንደሆነም አላወቀችም፤ ልጠይቅ ብላ ተወችው። ክንፉ እስከ ቀትር አለቀ፤ በክትሩ መሐልም ለውሃው ማሳለፊያ ተከፈተ። በዘጠኝ ሰዓት ዝናቡ ከትናንቱ ብሶ መጣ። ጎርፉ ክትሩ ላይ ደረሰ፣ ተንገዋለለ፣ ክንፉን ገፋ፣ ከዚያ በመሐል በተተወለት ማሳለፊያ ተምዘግዝጎ ወረደ። ረቢያ እስኪያባራ ድረስ ግድግዳውን በመዳፏ ተደግፋ ቆመች፤ ግድግዳውን የምትይዘው እሷ ይመስል። ሲያባራ ከአፈሩ አንድ ጓል እንኳ አልወደቀም።

እየሮጠች አሰገደች ቤት ገባች። እናቷ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ እጇ ላይ የሽምብራ ቆሎ ይዛ፣ ከአሰገደችና ከሙሉአለም ጋር ስለ አንድ ሰው ጋብቻ እያወራች ነበር።

«እማዬ! ቤቱ ቆሟል! ውሃው በመሐል አለፈ! ነይ እንሂድ፣ ባሬላውን ይዘው እየመጡ ነው።»

መስኡዳ ከቆሎው አንድ እፍኝ አፏ ውስጥ ጨመረች።

«ምን ያስቸኩልሻል?» አለች። «መጀመሪያ ይድረቅ እንጂ ቤቱ።»

«መቼ ነው የሚደርቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መስከረም ላይ ይሆናል።»

«መስከረም!» ረቢያ ወደ አሰገደች ዞረች። አሰገደች «ምን ቸገረኝ» የሚል ፊት አሳይተዋት ለመስኡዳ ሌላ ቆሎ አቀበሉ። ሙሉአለም ወሬውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ከውጭ የባሬላ ተሸካሚዎቹ ድምፅ ደረሰ። ረቢያ ወጥታ ምን እንደምትላቸው እያሰበች፣ አንድ እግሯን ከደጃፉ ውጭ፣ አንድ እግሯን ውስጥ አድርጋ ቆመች።